ቀጠሮና ቀን መቁጠሪያ፤ የባሌ ደጋ የጊዜ ቃላት ታሪክና የቀጠሮ መተግበሪያዎች ቀጣይ መሻሻል

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ለስልክና ለኮምፒዩተር የሚዘጋጁ የቀን መቁጠሪያና የቀጠሮ መተግበሪያዎች በአገራችን ቋንቋዎች እየበዙ መጥተዋል። ሠሪዎቻቸውም ወደፊት ሊጨምሩ ያሰቡትን መሻሻል በዝርዝር ያቀርባሉ፤ የቀለም ምርጫ፣ ከሌላ መሣሪያ ጋር መናበብ፣ የድምፅ ማንቂያ፣ አንዱን ቀጠሮ ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ መላክ፣ ይህንም የመሳሰለው ሁሉ ይነሣል። የቃላት ሥራ ግን በዝርዝሩ ውስጥ እምብዛም አይገኝም፤ ቢገኝም «ትርጉም» በሚል አንድ ቃል ተጠቅልሎ ከመጨረሻው መስመር ላይ ይቀመጣል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ፣ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ ይገባዋል የሚል ነው። ለመተግበሪያዎቹ ከሚጎድላቸው ነገር ብዙው፣ ሕዝቡ ቀጠሮ ሲሰጣጥ በኖረባቸው ቃላት ውስጥ አስቀድሞ ተሠርቶ ይገኛልና።

ነገሩን ያስነሣብኝ አንድ አጭር የስልክ መልእክት ነው። በ2017 ዓ.ም. የካቲት በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ በባሌ ደጋ ከሚገኙ የጤና ተቋማት በአንዱ ግቢ ውስጥ ለሌላ ጉዳይ ቆሜ ሳለሁ፣ በዕድሜ የገፉ አንዲት ሴት ከልጃቸው ጋር መጥተው ስልካቸውን ለተረኛዋ ነርስ ሲያሳዩ አየሁ። በስልኩ ላይ የሰፈረው «ቀጠሮዎ 1/6 በ2:00» የሚል ነበር። ልጁ መልእክቱን ማንኛውም ያገራችን ተማሪ እንደሚያነበው አንብቦታል፤ 6ኛው ወር የካቲት ነው፣ ቀኑ 1፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ 2። እናትና ልጅ ሳያዛንፉ በሰዓቱ ተገኝተዋል።

«እማማ፣ ቀጠሮዎ እኮ ካለፈ ወር ሆኖታል» አለቻቸው ነርሷ።

«ልጄ፣ እኔ ስልኩ ነይ ያለኝን ቀን ነው የመጣሁት» አሉ።

መተግበሪያው ቀኑን የያዘው በአሜሪካውያን ልማድ፣ ወርን ከቀን አስቀድሞ ነበር፤ ጃንዋሪ 6፣ ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት በፈረንጅ። ይህም በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 28 ቀን፣ ከቀኑ 8 ሰዓት መሆኑ ነው። በሁለቱ ንባብ መካከል 33 ቀን አለ። ሴትዮዋ ለአንድ ወር የተሰጣቸውን የደም ግፊት ክኒን ከሁለት እየከፈሉ ሲያዳርሱት ቆይተው ነበር፤ ሲለኩም ግፊታቸው እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ።

በመልእክቱ ላይ «ሰኞ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ተጨምሮ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ። ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ሰኞ ነበረ፤ የካቲት 1 ደግሞ ቅዳሜ። ልጁ ቁጥሩን ከዕለቱ ጋር ሲያስተያይ አለመግጠሙን ራሱ ያገኘው ነበር። ሠሪዎቹ ዕለቱን የተዉት ቦታ ለመቆጠብ እንደ ሆነ እገምታለሁ። የቆጠቡት ሦስት ፊደል አይሞላም።

ይህ ስሕተት በየትም ሊደርስ ይችላል። በሮቤና በጎባ ላይ ማተኮሬ፣ የዘመን አቆጣጠሮቻችን በአንድ ገበያና በአንድ የቢሮ ጠረጴዛ ላይ ተደራርበው ከሚታዩባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ስለ ሆነ ነው። ሁለቱ ከተሞች ከ15 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ ተያይዘው በሰነቴ አምባ ግርጌ ይገኛሉ፤ ከበላያቸው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ ይዞ ቆሟል። ጎባ የቀድሞው የባሌ ጠቅላይ ግዛት ርእሰ ከተማ ነበረች፤ ሮቤ የባሌ ዞን አስተዳደር መቀመጫ ናት። መሥሪያ ቤቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሠራል። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በመሆኑ ጾሙንና በዓሉን በሂጅራ ይቆጥራል፤ ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚደረጉት ታላላቅ ጉዞዎችም የሚወሰኑት በሂጅራ ወራት ነው። የክርስቲያኑ አጽዋማትና በዓላት በባሕረ ሐሳብ ይወጣሉ። ከውጭ የሚመጣው መድኃኒት፣ መሣሪያና ደብዳቤ ደግሞ የጎርጎርዮስን ቀን ይዞ ይገባል። የቦረና አያንቱዎች የሚጠብቁት በ27 የዕለት ስሞችና በ12 የጨረቃ ወራት የሚሄደው አቆጣጠር ከዚሁ በስተ ደቡብ ነው፤ አስመሮም ለገሠ በ1973 (እ.ኤ.አ.) ስለ ገዳ ባሳተሙት መጽሐፍ ገልጸውታል። «የኦሮሞ ቀን መቁጠሪያ» ብሎ ያንኑ በሮቤ ስልኮች ላይ የሚጭን ሰው ግን የአንዱን አገር ልማድ ለሌላው ያለብሳል።

እነዚህ አቆጣጠሮች በዓመት ቍጥር አይስማሙም፤ በወር መባቻ አይስማሙም፤ ቀን በስንት ሰዓት እንደሚጀምር እንኳ አይስማሙም። የሚስማሙት በአንድ ነገር ነው፤ በሰባቱ ዕለታት። የእኛው ሰኞ በኦሮምኛ ዊጠታ፣ በዐረብኛ ኢስነይን ነው፤ ስሙ ቢለያይም ዕለቱ አንድ ነው። አማርኛ ሰኞን ከግእዙ ሰኑይ፣ ማለት ከ«ሁለተኛ» አገኘው፤ ሠሉስን ትቶ ማክሰኞ አለ፣ ይህም ማግስተ ሰኞ መሆኑ ነው፤ ረቡዕን በንግግር ሮብ አደረገው። በኦሮምኛም ዕለቱ ሮቢ ይባላል፤ የዐረብኛውን አርቢዓእ ብንጨምርበት ሁሉም «አራት» ከሚለው አንድ ሥር የወጡ ናቸው። የሮቤን ስም የሰማ ጆሮ ወደዚሁ ዕለት ማዘንበሉ አይቀርም፤ ዝናብ በኦሮምኛ ሮባ መባሉም ሌላ በር ይከፍታል፤ በዚህ ደጋ ሁለቱም ለስም የሚበቁ ናቸው። በኢትዮጵያ ገጠር ገበያ የሚቆመው በዕለት ስም ስለ ሆነ፣ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ዕለት አይስትም። ስለዚህ የመጀመሪያው መሻሻል ለሠሪው ከሁሉ የቀለለው ነው፤ የዕለቱ ስም የሌለበት ቀጠሮ ከመተግበሪያው መውጣት የለበትም።

ወደ ራሱ ወደ ቃሉ እንመለስ። ቀጠረ የሚለው ግሥ በአማርኛ ቢያንስ ሦስት ፍች አለው፤ ቅጥር ሠራ፣ ቀን ወሰነ፣ በደመወዝ ሠራተኛ ያዘ። በእኔ አስተያየት ሦስቱ የሚገናኙት ወሰን በማበጀት ላይ ነው፤ አንዱ ለቦታ፣ አንዱ ለጊዜ፣ አንዱ ለጉልበት። ቀጠሮ ከቁጥር የተለየ ነገር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ቀን መቁጠሪያ የተባለው ውሑድ ቃል የተሠራው ቈጠረ ከሚለው ነው፤ መቁጠሪያ ብቻውን ሲነገር ደግሞ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ለጸሎት የሚይዘው የዶቃ ፈትል ነው። መቁጠሪያ የማያቋርጥ ተርታ ነው፤ ቀጠሮ ከተርታው አንዱን ነጥሎ በሁለት ሰዎች መካከል ማጠር ነው። በኦሮምኛ ቤላማ የሚባለውም ይኸው ነው። የውጭውን መተግበሪያ ወደ አማርኛ የመለሱ ሰዎች ይህን ልዩነት ባለማየታቸው፣ እንግሊዝኛው «ኢቬንት» ያለውን ሁሉ «ክስተት» ብለውታል። ክስተት የመሬት መንቀጥቀጥና የፀሐይ ግርዶሽ ነው። የልጁን የሠርግ ቀን በስልኩ የመዘገበ አባት «አዲስ ክስተት ተፈጥሯል» የሚል ጽሑፍ ሲወጣለት ምን እንደሚያስብ እንጃ።

በዚህ ረገድ ያልተነካ ሀብት ያለው በፍርድ ቤት ቋንቋ ውስጥ ነው። ችሎት ቀጠሮ ይይዛል፤ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ነገሩ ሳይደርስ ሲቀር ተለዋጭ ቀጠሮ ይሰጣል፤ አጭር ቀጠሮና ረጅም ቀጠሮ ለይቶ ያውቃል፤ ባለጉዳይም ቀጠሮ ያከብራል ወይም ያፈርሳል። የመተግበሪያ ሠሪዎች «ዳግም መርሐ ግብር ማስያዝ» ብለው በብዙ ድካም ያበጁት ሐረግ፣ በየወረዳው ፍርድ ቤት ደጃፍ የተቀመጠ ገበሬ ሁሉ በሚያውቀው «ተለዋጭ ቀጠሮ» ሊተካ ይችላል። በችሎት አፍ ቀጠሮ ምክንያቱንም ይዞ ይመዘገባል፤ «ምስክር ለመስማት ለዚህ ቀን ተቀጥሯል» ይባላል። ብዙዎቹ መተግበሪያዎች ምክንያቱን በማስታወሻ ሥር ደብቀው መልእክቱን ያለ እርሱ ይልካሉ። በነገራችን ላይ ማስታወሻና አስታዋሽ ሊለዩ ይገባል፤ ማስታወሻ የሚጻፈው ነው፤ በሰዓቱ የሚጮኸው አስታዋሽ ነው። በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱም «ማስታወሻ» ተብለው ያየሁበት መተግበሪያ አለ።

ሰዓትን በተመለከተ ችግሩ የስድስት ሰዓት ልዩነት ብቻ ቢሆን ኖሮ በቀላል ሒሳብ ያልቅ ነበር። ከንጋት መቁጠራችን ለምድር ወገብ ለቀረበ አገር የሚስማማ ልማድ ነው፤ በባሌ የረጅሙና የአጭሩ ቀን ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላምና ፀሐይ በወጣች በአንድ ሰዓት «አንድ ሰዓት» ማለት ዓመቱን ሙሉ ያስኬዳል። ከባዱ ሌሊቱ ነው። ረጅም መንገድ የሚሄዱ አውቶቡሶች ጎሕ ሳይቀድ መነሣት ልማዳቸው ነው። ተሳፋሪው «ማክሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት» ቢባል፣ ሰኞ ማታ ተኝቶ ማለዳ ይነሣ ወይስ ማክሰኞ ማታ ተኝቶ? መሣሪያው ቀንን ከእኩለ ሌሊት ስለሚቆርጥ ለእርሱ ጥያቄ የለበትም፤ ለሰው ግን አለበት። አማርኛ መልሱን ካበጀ ቆይቷል፤ «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ» ይላል። አጥቢያ ጠባ ከሚለው፣ ከግእዙ ጸብሐ የመጣ ነው፤ መስከረም ጠባ፣ አጥቢያ ኮከብ ስንል የምናገኘው። ሐረጉ ሁለቱን ዕለታት ጠርቶ ሌሊቱን በመካከላቸው ያስቀምጠዋልና ለስሕተት ቀዳዳ አይተውም። መተግበሪያው ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ለሚውል ቀጠሮ ሁሉ ይህን ሐረግ ራሱ አዘጋጅቶ ማውጣት ይችላል፤ የሚጠይቀው የሁለት መስመር ደንብ ነው።

በሙስሊሙ ዘንድ ዕለት የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ስለ ሆነ «የጁምዓ ሌሊት» ማለት ሐሙስ ማታ ነው። በቤተ ክርስቲያንም ዋዜማው ከበዓሉ ጋር ይቆጠራል። በሮቤ ገበያ «የጁምዓ ሌሊት እንገናኝ» የተባለ ባለሱቅ ዓርብ ማታ ቢጠብቅ አንድ ቀን ዘግይቷል። ከዚህ ይልቅ ረቂቅ የሆነው ሌላው ችግር በጸሎት ሰዓት የሚሰጥ ቀጠሮ ነው። «ከአስር በኋላ ና» ሲባል፣ አስር ከቀትር በኋላ የሚሰገደው ሶላት ሊሆን ይችላል፤ ዐሥር ሰዓትም ሊሆን ይችላል። ሶላቱ በዚህ አገር በ9 እና በ10 ሰዓት መካከል ስለሚውል ሁለቱ ፍች ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ይራራቃሉ፤ አለመግባባቱም እንደ አለመግባባት ሳይታወቅ፣ «አርፍዶ መጣ» ወይም «ቀድሞ መጣ» እየተባለ ይታለፋል። መተግበሪያ ከንግግር ቀጠሮ የሚይዝበት ጊዜ እየቀረበ ነውና እንዲህ ያሉ ተመሳሳይ ድምፆች ከወዲሁ በመዝገብ ሊያዙ ይገባል።

ስለ ወር ስሞች ብዙ ማለት ይቻላል፤ ለተርጓሚ ከሁሉ የከፋው ግን አንድ ነው። በኦሮሚያ መሥሪያ ቤቶች አማጂ ማለት ጥር፣ ፉልባና ማለት መስከረም፣ ቃሜ ማለት ጳጉሜን ነው። የዩኒኮድ ማኅበር በሚጠብቀው የቋንቋዎች የጋራ ማኅደር፣ ከዚያም በሚቀዱ መሣሪያዎች ላይ ግን፣ አማጂ ለጃንዋሪ፣ ፉልባና ለሴፕቴምበር ተሰጥተዋል። «አማጂ 6» በአንዱ ንባብ ታኅሣሥ 28፣ በሌላው ጥር 6 ይሆናል፤ በመካከሉ ያለው ስምንት ቀን ነው። ከላይ የተረኩት የ33 ቀን ስሕተት ትልቅ በመሆኑ ታወቀ፤ የስምንት ቀን ስሕተት ግን ሳይታወቅ ይኖራል። አማርኛ በበኩሉ የፈረንጁን ወር ጃንዋሪ ብሎ በመዋሱ ከዚህ ድኗል፤ መዋስ የሚነቀፍበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ጠቅሞናል። ሆኖም አማርኛም በዚያው ማኅደር ውስጥ የራሱ እንከን አለው። ለጎርጎርዮስ ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለው «ዓመተ ዓለም»፣ ከልደት በኋላ ያለው «ዓመተ ምሕረት» ተብሎ ሲሰፍር ኖሯል። ዓመተ ዓለም ግን ከፍጥረት ጀምሮ ወደ ፊት የሚቆጠር ነው፤ 2018 ዓመተ ምሕረት 7518 ዓመተ ዓለም ነው። ይኸው ማኅደር ለኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን ቃሉን በትክክለኛ ፍቹ ይጠቀምበታል። አንድ ቃል በአንድ ማኅደር ለሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች ቆመ ማለት ነው። የጎርጎርዮስን ዓመት «ዓ.ም.» ማለትም የሰባትና የስምንት ዓመት ስሕተት መጋበዝ ነው።

እዚህ ላይ የቆየ ምሳሌ አለን። ነጋሪት ጋዜጣ ከተመሠረተበት ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሕጉን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጐን ለጐን ሲያትም፣ ያንኑ ቀን በአማርኛው ዓምድ በኢትዮጵያ፣ በእንግሊዝኛው ዓምድ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ያወጣ ነበር። መገለታ ኦሮሚያም በሦስት ቋንቋ ይታተማል። ሁለት ቀን አብረው ሲታተሙ አንዱ የሌላው ምስክር ይሆናል። መተግበሪያው በሚልከው መልእክት ውስጥ ይህን ልማድ ቢከተል ከአንድ መስመር በላይ አይፈጅበትም።

የባሌ ቃላት ከሌላው አገር በግልጽ የሚለዩት ግን በወቅት ስም ነው። የባሌ ደጋ ዝናብ ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ ስንዴና ገብስ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል፤ አንዱ ወቅት ከመጋቢት እስከ ሐምሌ፣ ሌላው ከሐምሌ ማለቂያና ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል። ገበሬው የመጀመሪያውን ገና፣ ሁለተኛውን ቦና ይላቸዋል። ስሞቹ የወጡት ሰብሉ ከሚሰበሰብበት ጊዜ እንጂ ከሚዘራበት አይደለም፤ መኸርም በአማርኛ እንዲሁ የመሰብሰቢያ ጊዜ ስም ነውና ነገሩ ሊያስደንቀን አይገባም። ይሁን እንጂ በሌላው የኦሮምኛ ተናጋሪ አገር ቦና ማለት በጋ፣ ደረቁ ወቅት ነው። ከመዝገበ ቃላት ብቻ የሚሠራ ተርጓሚ «የቦና ዘር» የሚለውን «የበጋ ዘር» ብሎ ቢመልሰው፣ የነሐሴን ዘር ወደ ታኅሣሥ ደረቅ ወር ይወስደዋል። ለግብርና ምክር በስልክ የሚላክ አስታዋሽ እንዲህ ቢሳሳት፣ የሚጠፋው ዘርና የአንድ ወቅት ምርት ነው።

ገና የሚለው ደግሞ በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ ሌላ ጣጣ ያመጣል። በአማርኛ «ና» ሲጠብቅ የልደት በዓል፣ ሲላላ «እስካሁን» ማለት ነው፤ የኦሮምኛውም ይጠብቃል። ስለዚህ «ለገና ይዘጋጁ» የሚል አስታዋሽ ለጎባ ክርስቲያን ቤተሰብ ታኅሣሥ 29ን፣ ለሲናና ገበሬ የእርሻ ሥራን ያመለክታል። ጋና ብለን እንዳንጽፈው የአገር ስም ይሆንብናል። የእኔ ሐሳብ ወቅቱ ብቻውን እንዳይጻፍ ነው፤ «የገና አዝመራ»፣ «የቦና አዝመራ» ቢባልና ወሩ ቢጠቀስ፣ ባላገሩም እንግዳውም ይረዳዋል። በብሔራዊ የግብርና አጠራር ከበልግና ከመኸር ጋር ማዛመዱም በመተግበሪያው መዝገብ ውስጥ በግልጽ ሊቀመጥ ይገባል።

ተመላላሽ ቀጠሮን በሚመለከት የቴክኒኩ መንገድ ከሚታሰበው በላይ ክፍት ነው። የቀን መቁጠሪያ መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት፣ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ቁጥር 5545 ሆኖ የወጣው የበይነ መረብ ደንብ ድግግሞሽን የሚያሰላው በጎርጎርዮስ ነው። «በየወሩ በ12» ቢባል የፈረንጁን 12 ይይዛል። ማኅበር የሚጠጣ ሰው ግን የሚፈልገው ወር በገባ በ12 የሚውለውን ሚካኤልን ነው። በ2015 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ቁጥር 7529 ይህን አስተካክሏል፤ ድግግሞሹ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚሰላ መግለጽን ፈቅዷል፤ ከምሳሌዎቹም አንዱ 13ኛው ወር፣ ጳጉሜን ነው። እንግዲህ መንገዱ ተጠርጓል፤ በአገር ቋንቋ የሚነገርበትን ስም ማበጀት ነው የቀረው። «ተደጋጋሚ» ከሚለው ይልቅ የሆስፒታሉን «ተመላላሽ» ለሰው፣ የማኅበሩን «በየወሩ በ12» ለዕለት ብንወስድ ይበቃል።

ለተንቀሳቃሽ በዓላት የባሕረ ሐሳብ ሒሳብ ለኮምፒዩተር የተዘጋጀ ይመስላል። ለ2018 ዓ.ም. ብናወጣው፣ 7518 በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ አንዱ ሲተው ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12፣ 12 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18 ይሆናል። መስከረም 18 እሑድ ዋለ፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመር መባጃ ሐመር 25 ነው፤ ነነዌ ጥር 25፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ማለት ነው። አቶ ኖይገባወር በ1979 (እ.ኤ.አ.) ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ፈለክ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ጌታቸው ኃይሌም «ባሕረ ሐሳብ» በተሰኘው ሥራቸው ነገሩን በሰፊው አስረድተዋል። እኔ የምጨምረው፣ «ገደፈ» የሚለው ግሥ የዛሬ የፕሮግራም ሠሪዎች «ሞዱሎ» ለሚሉት ስሌት ተስማሚ የአገር ቃል መሆኑን ነው፤ ግድፈት ዛሬ ስሕተት ማለት ብቻ ሆኖ መቅረቱ ያሳዝናል። አበቅቴ በየዓመቱ የሚጨምረው 11፣ የሙስሊሙ በዓላት በየዓመቱ ወደ ኋላ የሚሸሹበት 11 ቀን ያህል ራሱ ነው፤ ሁለቱም የፀሐይና የጨረቃ ዓመት ልዩነት ናቸውና።

የሙስሊሙ በዓል ግን በሒሳብ ብቻ አይቆረጥም፤ ጨረቃ መታየት አለባት። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ እነዚህ በዓላት ብሔራዊ በዓላት በመሆናቸው መሥሪያ ቤቱም ትምህርት ቤቱም ይጠብቃታል። «ጨረቃ ከታየች ነገ፣ ካልታየች ከነገ ወዲያ» የሚለውን ማስታወቂያ የማያውቅ የለም። ይህን ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሊይዝ የሚችል የቀጠሮ መተግበሪያ እስካሁን አላየሁም፤ ሁሉም አንዱን ቀን መርጠው እንደ ተቆረጠ አድርገው ያሳያሉ። ለዚህ ዓይነት «ተጠባባቂ ቀጠሮ» የሚል ስያሜ አቀርባለሁ፤ ሁለት ቀን ይይዛል፣ አንዱ ሲጸና ሌላው ይወድቃል። ለዝናብ የተጠበቀ የዘር ቀንም በዚሁ ሊገባ ይችላል።

ስለ መለወጫ ሒሳብ ባጭሩ አንድ ነገር ላንሣ። ዕንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11፣ ከሠግር ዓመት በኋላ 12 ይውላል የሚለው ደንብ የሚሠራው ከ1900 እስከ 2099 (እ.ኤ.አ.) ብቻ ነው። የዐድዋ ድል ቀን የካቲት 23 ዛሬ ማርች 2 ላይ ይውላል፤ በ1888 ዓ.ም. ግን ማርች 1 ነበር። ደንቡን ሳያስተውል የደነገገ መተግበሪያ የዐድዋን ጦርነት በአንድ ቀን ያዘገየዋል፤ ከ2093 ዓ.ም. ጀምሮም አዲሱን ዓመት በአንድ ቀን ያስቀድመዋል። የልደትና የመሬት ሰነዶችን ወደ መሣሪያ የሚያስገቡ መዛግብት ቤቶች ይህን ከወዲሁ ሊያስቡበት ይገባል።

በዚያች ቅዳሜ የክትትሉ ክፍል ዝግ ስለ ነበር፣ ነርሷ ለጊዜው የሚሆን መድኃኒት ከሰጠቻቸው በኋላ ተለዋጭ ቀጠሮ ያዘችላቸው። ስልኩን አልነካችም፤ በካርዳቸው ጀርባ ላይ በብዕር «ሰኞ፣ የካቲት 3 ቀን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ግፊት ለመለካት» ብላ ጻፈች። ልጁ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ሴትዮዋ ጥቂት አሰቡና «ሰኞ ያልሽው የፊታችንን ነው ወይስ የሚቀጥለውን?» ብለው ጠየቁ።

«የፊታችንን ነው፣ እማማ፤ ከነገ ወዲያ» አለቻቸው።